ጋሽ ደምሴን በቁማቸው የቀበርኩ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ የቫዮሊን አስተማሪዬ እትዬ ዘውዴ ስድስት ደብተር ጭናቸው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። "ከዛሬ ጀምሮ የጀማሪዎቹን ደብተር መጀመሪያ የምታነቢው አንቺ ነሽ" አሉኝ። እኔ! ከሀና ማርያም እስከ ጀሞ ታክሲ ውስጥ ደብተሮቹን አቅፌ ብቻዬን ፈገግ ስል፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "ምነው ልጄ፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?" አሉኝ። "ከሎተሪ ይበልጣል" አልኳቸው። ቤት እስክደርስ መጠበቅ አቅቶኝ ደረጃው ላይ ሁለቱን አንብቤ ጨረስኩ።

ደስታዬን ልጽፍላችሁ ነበር የተቀመጥኩት። ግን እነዚያ ደብተሮች ለሌላ ተማሪ ቢሰጡ ተራ ነገር ነው፤ ጉዱ ለእኔ መሰጠታቸው ነው። ለምን ጉድ እንደሆነ እንድታውቁ አንድ ቅዳሜ ያደረግኩትን መናገር አለብኝ። ሙሉውን ጽፌው አላውቅም። ስጽፈውም ፊቴ እየጋለ ነው።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከእማዬ ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። የምማረው ሀና ማርያም፣ እትዬ ዘውዴ ቤት ነው። ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ ሸብቷል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የፊተኛዋ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ለተማሪ የሚያውሷቸው ቫዮሊኖች ተሰቅለዋል። የእኔም የውሰት ነው።

የእትዬ ዘውዴ አስተማማር ለየት ይላል። ስንገባ ቫዮሊን አናወጣም። እጃችንን እንታጠባለን፣ ዳቦ በሻይ እንበላለን፤ "በባዶ ሆድ እጃችሁ ይንቀጠቀጥብኛል" ይላሉ። ቀጥሎ ደብተር ነው። እያንዳንዳችን በየቀኑ ምን እንደተለማመድን፣ ማን እንደሰማን፣ ስንጫወት ምን እንደተሰማን እንጽፋለን። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያነቡና ከቫዮሊኑ በፊት ስለ እኛ ይጠይቃሉ። "ማክሰኞ ተናድጄ ነበር ብለሻል። በማን?" አንዳንዴ ግማሹ ሰዓት በዚሁ ያልቃል። እማዬ መጀመሪያ ስትሰማ "ታዲያ ቫዮሊኑን መቼ ነው የምትማሪው?" ብላኝ ነበር።

ከእኔ ጋር በአንድ ሰዓት የምትማረው ሒክማ ናት። ከለቡ ነው የምትመጣው፤ አባቷ እዚያ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ሒክማ ተለማመጂ የተባለችውን የምትለማመድ ልጅ ናት። አንገቷ ላይ ቫዮሊኑ የሚያርፍበት ቦታ ቀልቷል። የእኔ አንገት ንጹሕ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። ፈተና ሲመጣ ልምምድ አቆምኩ። ፈተናው አለቀ፣ ልምምዱ ግን አልተመለሰም። ስልክ ነው፣ እንቅልፍ ነው፣ ስንፍና ነው። ደብተሩን ደግሞ ባዶውን ይዤ መሄድ አፈርኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ "ዛሬ ስኬል ተለማመድኩ" ብዬ ጻፍኩ። ስኬል ድምፆቹን በተራ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው፤ ደረቅ አለብኝ። ጨመርኩበት፤ "ስጫወት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኩ።"

እትዬ ዘውዴ አንብበው ቀና አሉ።

"ለምንድን ነው ያንኳኩት?"

"ድገሚው ማለታቸው ነው" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"ውይ። ታመው ተኝተው ነው?"

"አዎ።"

"በሽታውን ያመጡት እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ እኔ አዎ ብቻ ነው ያልኩት" እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከርሜያለሁ። ውሸት ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ጋሽ ደምሴን በደንብ አድርጌ ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ። ግራ ጎናቸውን ሽባ አደረግኩት። አልጋቸውን ወደ ግድግዳችን አስጠጋሁት። አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ "ዛሬ ኃይለኛ ዝናብ ስለነበር ድምፄ የሚደርሳቸው አልመሰለኝም። ዝናቡ ሲያባራ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው አንኳኩ።" እትዬ ዘውዴ ይህችን ሁለት ጊዜ አነበቧት። ሒክማ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት በድርሰት ከአሥር ስድስት አልፌ አላውቅም፤ የጻፍኩትን ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ሲያነበው ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እውነተኛው ጋሽ ደምሴ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ብሎኩን ይዞራሉ። ምድር ቤት ሆነው ሲያወሩ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። ከሁሉም የከፋው፣ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉት እሳቸው ናቸው።

አንድ ሐሙስ እትዬ ዘውዴ ደብተሬን ዘግተው "የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ሄደን አልጋቸው አጠገብ እንጫወትላቸዋለን" አሉ። ሒክማ እጇን አጨበጨበች። እኔ ሳቅኩ መሰለኝ፤ ፊቴ ምን እንዳደረገ አላስታውስም። ሒክማ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ትዝታ ተለማመደች። ሊቀረን ሁለት ቀን ሲሆን ተጫወተችው፤ በእውነት ቆንጆ ነበር።

"ይወዱት ይሆን?" አለችኝ።

"በጣም ይወዱታል" አልኳት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሰበብ ስፈልግ ነበር። ብሶባቸዋል ብል "ለዚያ አይደል የምንሄደው?" ይሉኛል። ሆስፒታል ገቡ ብል እዚያው ይመጣሉ። አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ደወልኩላቸው።

"እትዬ ዘውዴ፣ ጋሽ ደምሴ… አረፉ።"

"ምን አልሽኝ?"

"ሞቱ። ትናንት።"

"ቀብሩስ መቼ ነው?"

"ተቀበሩ። አገር ቤት ወሰዷቸው።" ይህን አስቤበት ነበር። የመጨረሻው በር ተዘጋ አልኩ በልቤ።

"ነፍሳቸውን ይማረው። እኔን፣ ሳንደርስላቸው ቀረን።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አንቺስ? አንቺ ደህና ነሽ ልጄ? ብቻሽን እንዳትሆኚ እሺ?"

"እሺ" ብዬ ዘጋሁ። ታምናላችሁ? ቀለለኝ። እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ። አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። በሽተኛ ጥየቃ ሊተላለፍ ይችላል። ሰው ሞተ ከተባለ ግን ሀገሩ ሁሉ ለቅሶ ለመድረስ ነጠላውን ያነሳል። እኔ ደግሞ ይህን ልረሳ የማይገባኝ፣ የእድር ጸሐፊ ጎረቤት ያለኝ ልጅ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሒክማ ደወለች። "ጀሞ ደርሰናል። የእናንተ ብሎክ የትኛው ነው?"

"ማን ነው የደረሰው?"

"እኔና እትዬ ዘውዴ። ለቅሶ ልንደርስ ነዋ።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ቀኑ ደግሞ ውኃ የሚመጣበት ቀን ነበር። ከሥር ቧንቧው ጋ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ደርድሯል፤ ሰልፉን የሚመሩት፣ ከማንም በላይ የሚጮኹት፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱት ጋሽ ደምሴ ናቸው። "ተራ! ተራ! ቢጫው ጀሪካን የማነው?"

በግቢው በር እትዬ ዘውዴ ሲገቡ አየሁ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሲራመዱ ጉልበታቸው ያስነክሳቸዋል። ሒክማ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ከኋላቸው ትከተላለች። በአንድ እጇ ቫዮሊኗን፣ በሌላው ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዛለች። ሮጬ ደረስኩባቸው።

እትዬ ዘውዴ አቀፉኝ። "አይዞሽ የኔ ልጅ። ድንኳኑ የት ነው?"

"አልተተከለም። ቤተሰቦቻቸው ሁሉም አገር ቤት ናቸው። ማንም የለም። ሌላ ቀን…"

"እንግዲያው በራቸው ላይ ቆመን ነፍስ ይማር ብለን እንመለሳለን። እዚህ ድረስ መጥተንማ።"

"ብርቱካኑን ለበሽተኛ ነበር የገዛሁት" አለች ሒክማ። "ለቤተሰቡ ይሆናል ብዬ ነው።"

አንድ እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ ከቧንቧው በኩል ድምፅ መጣ። ጋሽ ደምሴ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አይተዋል። የእድር ጸሐፊ ሳይሰማ ለቅሶ!

"እመቤት!" እያሉ ወደ እኛ መጡ። "ለቅሶ ነው? የት ብሎክ ነው? ማን ነው የሞተው?"

"እዚሁ ነው ያሉን" አሉ እትዬ ዘውዴ። "ሦስተኛ ፎቅ። አልጋ ላይ ሰንብተው ያረፉ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ።"

ቢጫው ጀሪካን ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሚዘጋው ሰው የለም።

"የትኛው ደምሴ?" አሉ ጋሽ ደምሴ። ወደ ሰልፉ ዞሩ። "እዚህ ሌላ ደምሴ አለ እንዴ?"

"ኧረ አንተ ብቻ ነህ!" አለ አንዱ። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። "ጋሼ፣ ሳይነግሩን ሞቱ እንዴ?" "እድሩን ማን ሊያስከፍለን ነው?"

ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ደረታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። "እኔ ነኝ ደምሴ" አሉ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ። "ማን ነው ሞተ ያለው?"

እትዬ ዘውዴ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እየጠበቁኝ ነበር፤ ይህን አሁን ነው የምረዳው። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፤ "እኔ" ማለት። እኔ ግን የሚፈስሰውን ጀሪካን አየሁ።

"ተሳስቼ ነው" አሉ እትዬ ዘውዴ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረው። "ብሎክ ተሳስቼ ነው ጌታዬ። እርጅና ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ይህኔ የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ብርቄ ጩኸቱን ሰምተው ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር አንገታቸውን አወጡ። አንዱ ከሥር የሆነውን ጮኾ ነገራቸው። ሰማይ የተደፋባቸው ያህል ነበር። "አንቺ ሟርተኛ! ጥቁርሽን ለብሰሽ ባሌ ላይ ልታሟርቺ መጣሽ? ሟርትሽን ለራስሽ ያድርገው! ውጪልኝ ከዚህ ግቢ!"

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አስተካክለው ለባለቤቲቱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። "እውነትሽን ነው የኔ እህት፣ እግዜር ያቆይልሽ" አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ፤ እያነከሱ። ሰዎቹ ከኋላቸው እየተጠቋቆሙ ይስቃሉ። እኔ ከመሐል ቆሜያለሁ። ማንም ነገሩን ከእኔ ጋር አላያያዘውም።

ሒክማ ትንሽ ቀረት አለች። ፌስታሉን እግሬ ሥር አስቀመጠች። "ሰው ገድለሽ ብርቱካን አስገዛሽኝ" አለችኝ በሹክሹክታ። ሌላ ምንም አላለችም፤ ሮጣ እትዬ ዘውዴን በክንዳቸው ደገፈቻቸው።

ቤት ስገባ እማዬ ምሳ ትሠራለች። ወሬው ቀድሞኛል። "ሰማሽ? አንዲት ጤና የጎደላት ምስኪን ሴትዮ መጥታ ጋሽ ደምሴ ሞቱ ብላ ሰፈሩን አመሰችው አሉ።"

ጤና የጎደላት። ምስኪን። እሱን መሸከም አቃተኝ።

"እማዬ፣ እትዬ ዘውዴ ናቸው" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

"ለምን?" አለች።

"ስላልተለማመድኩ።"

"ሰው ካልተለማመደ አልተለማመድኩም ይላል እንጂ ጎረቤቱን ይገድላል?" ትስቃለች ብዬ ነበር፤ እንባዋ ነው የመጣው። "ያቺ ሴት አንቺን ስትሸፍን ተሰደበች፣ አንቺ ቆመሽ አየሽ? ሂጂ። አሁኑኑ ሂጂ።"

ቫዮሊኑንና ደብተሩን ይዤ ወጣሁ። ልመልሳቸው ነበር። ከእንግዲህ እዚያ ቤት ተማሪ እንደማልሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ታክሲው ውስጥ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ለሳምንታት ያልነካሁትን ቫዮሊን አሁን ሲወሰድብኝ እንደዚያ መውደዴ ራሱ አሳፈረኝ።

እትዬ ዘውዴ ጥቁራቸውን ሳያወልቁ እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ጋሽ ደምሴ አልታመሙም። አንኳኩተው አያውቁም። ከፈተናው ወዲህም አልተለማመድኩም። ይኸው መልሻለሁ።"

"እጅሽን አምጪ" አሉ። የግራ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "እንዳልተለማመድሽማ ድሮ አውቃለሁ። ክር የሚጫን ጣት ጫፉ ይጠነክራል። ያንቺ እንደ ሕፃን ጣት ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ሰውዬው አሉ ብዬ ነዋ።" እጄን ለቀቁ። "ልጅቷ ስኬሉን ትታው ይሆናል፤ ግን ከግድግዳው ማዶ ያለ በሽተኛ ታዳምጣለች፣ ይሄኛውን ትምህርት አላቋርጥባትም አልኩ። ለሒክማም፣ 'ማዳመጥ እንዲህ ነው' እያልኩ ያንቺን ነበር የማነብላት።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ አላባበሉኝም።

"ስለ ስድቡ…" አልኩ።

"ስድቡ ያልፋል። ስዞር ዓይንሽን አሸሸሽብኝ፤ እሱ ነው ያመመኝ።" እግራቸውን ከውኃው አወጡ። "እኔም ብሎክ ተሳስቼ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ማታ ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ።" እሳቸውም ደብተር እንዳላቸው አላውቅም ነበር። "ቫዮሊኑን ይዘሽ ሂጂ። ሐሙስ ትመጫለሽ። ከዚያ በፊት ግን ደብተሩን ጋሽ ደምሴ ያንብቡት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እሁድ ጠዋት የጋሽ ደምሴን በር አንኳኳሁ። እማዬ ከኋላዬ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ "እኔ ነኝ በይ" ከማለት ሌላ ምንም አልረዳችኝም። ጋሽ ደምሴ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ እሳቸው በሹክሹክታ ማንበብ አይችሉም። እያንዳንዱ ውሸቴ ለኮሪደሩ ሁሉ ተነበበ። "ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም" የሚለው ላይ ሲደርሱ ግራ እጃቸውን አንሥተው አዩት። እትዬ ብርቄ "በስመ አብ" ብለው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በሩን ዘጉት።

ዝናቡ ያለበት ገጽ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ጨርሰው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይሄ ሰውዬ ከእኔ ይሻላል" አሉ። "እኔ ባንኳኳ ኖሮ ዝም በይ ለማለት ነበር።"

"ይቅርታ ጋሼ" አልኩ።

"ትናንት ሌሊት አልተኛሁም። ሰው ሞተሃል ሲልህ፣ ቀልድ ቢሆንም፣ ልብህን ይዘህ ነው የምታድረው። ይህን እወቂ።" ደብተሩን መለሱልኝ። "ያቺን ሴትዮ እዚህ አምጪያት። ያቺ ጥቁር ሻርፕ ያደረገችዋም ትምጣ። ሞቼ ልትጫወትልኝ ከነበረ በቁሜ ትጫወትልኝ።"

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ቅዱስ ሆንኩ አልላችሁም። በቀጣዩ ወር ደብተሬ ላይ ደጋግሜ የጻፍኩት "ዛሬ አልተለማመድኩም" የሚለውን ነው። እትዬ ዘውዴ ያንን አንብበው "ታዲያ ምን ስታደርጊ ዋልሽ?" ይሉኛል፤ አልተቆጡኝም። መልሱን መጻፍ ስጀምር ነው እውነተኛ ነገር መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት፤ የሚጻፍ ነገር ለማግኘት ሰው ማሳመም እንደማያስፈልገኝም። ሒክማ ረዥም ጊዜ አላናገረችኝም። ያናገረችኝ ቀን እንዲህ አለች፤ "ስትዋሺ እንኳ ስኬል ነው ያልሽው? ሌላ ነገር አጣሽ?" ሁለታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ፤ እሷም አይታዋለች።

አሁን ከስድስቱ ደብተሮች በአንዱ ውስጥ "ቫዮሊን ስጫወት ድመታችን አለቀሰች" የሚል አለ። ሲነበብ ያስቃል። እኔን ግን የጋሽ ደምሴን ማንኳኳት አስታወሰኝ። ልጅቷን ምን ብዬ እንደምጠይቃት እስካሁን አላወቅኩም። እማዬ ደግሞ ለቧንቧ ሰልፍ ስንወርድ ዛሬም ከእኔ ቀድማ ታቀረቅራለች። እኔ ያደረግኩትን እሷ ነች የምታፍርበት፤ ይህ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው።

አሁን ወደ ግብዣው ልምጣ፤ የእኔ ሳይሆን የጋሽ ደምሴ ግብዣ ነው፤ "ለምታገኚው ሁሉ ንገሪ" ብለውኛል። በየወሩ የመጨረሻው እሁድ ከሰዓት በብሎካችን ደረጃ ሥር እንጫወታለን። ሒክማ ትዝታ ትጫወታለች፤ እኔ ከሥር አጅባታለሁ፤ ስሳሳትም ትሰማላችሁ። ጀሞ ውስጥ ስታልፉ ቫዮሊን ከሰማችሁ ግቡ። ወንበር ስለማይበቃን ዱካ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። በሩ ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ጮክ ብለው ሰው የሚያስቀምጡ ሰውዬ ታያላችሁ። "እንኳን በሕይወት ቆዩልን" በሏቸው፤ በጣም ደስ ይላቸዋል።

ከላይ ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ደግሞ እትዬ ብርቄን ታያላችሁ። ይሰማሉ፤ አንድም ቀን ግን አልወረዱም። ለእሳቸው ምንም አትበሏቸው። እሳቸው ጋ መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ።